ጥለቱ ወደ ላይ ነበር

የቀበሌያችን የታሪክ ኮሚቴ ጸሐፊ ካሣሁን ያንን ፎቶግራፍ ከፖስታ አውጥቶ ባንኮኒዬ ላይ ሲያስቀምጠው ማንነቱን መጠየቅ አላስፈለገኝም። መሐል ላይ ከቆመው ጣሊያን ሹም አጠገብ ያለው ረጅሙ ሰው አባቴ ነው። ከዚህ ሌላ የአባቴ ምስል በምድር ላይ የለም። እኔም ያየሁት በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ በሰው እጅ፣ ሁለቱንም ጊዜ በስድብ ታጅቦ።

«አንድ ሜትር በሰባ ሳንቲሜትር አድርገው ቢያሳድጉልን፣ ጓድ ሰገነት» አለኝ። «ለመጋቢት ሃያ ስምንት ይደርሳል?»

ዓመቱ 1974 ነው። በሚያዝያ ስናከብረው የኖርነውን የድል ቀን ደርግ ወደ መጋቢት 28 አዛውሮታል። ቀበሌያችንም በበዓሉ ላይ «የአካባቢያችን የትግል ታሪክ» የሚል ኤግዚቢሽን በአዳራሹ ሊያሳይ ተነሥቷል። እኔ ደግሞ ኤግዚቢሽን የሚባል ነገር ሰው ቤት ድረስ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

«ከሥሩ ምንድን ነው የምትጽፉት?»

ካሣሁን ዓይኑን ወደ መንገዱ አዞረ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ አስተማሪ ነው፣ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለዋል፣ በሽታው እሱ ብቻ ነው። «‹ፋሺስትን በእልልታ የተቀበሉ የአራዳ ባንዳዎች፣ ግንቦት 1928።› በኮሚቴ ጸድቋል።»

«እናቴ በሕይወት እንዳለች ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ግን ታሪክ ነው፣ እትዬ ሰገነት። እኔ ምን ላድርግ?»

ጓድነቱን ትቶ እትዬ ሲለኝ እፍረት እንደያዘው ገባኝ። ቢሆንም ፎቶውን ትቶልኝ ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ወልደጊዮርጊስ አብርሃ አራዳ ላይ ሱቅ ነበረው። በ1929 የካቲት 12 ጣሊያን ከተማዋን በደም ሲያጥባት እናቴ የሺዓለም እኔን የአርባ ቀን አራስ ልጅ አዝላ ወላጆቿ ዘንድ ቡልጋ ሸሸች። አባቴ ግን ሱቄን ለማን ትቼ ብሎ ቀረ። ጠላት ወጥቶ እናቴ ስትመለስ ሱቁም የለ፣ ባሏም የለ። ጎረቤቶች ይህን ፎቶ አሳዩዋትና «ወልዴ ለጣሊያን አደረ፤ በካሚዮናቸው ተሳፍሮ አብሯቸው ሄደ፤ ይኸኔ ሮማ ቁጭ ብሎ ፓስታውን እየበላ ነው» አሏት። ሞቷል ብሎ ያረዳት የለም። ላልተረዳ ሰው፣ በዚያ ላይ ባንዳ ለተባለ ሰው፣ ማን ለቅሶ ይቀመጣል? እናቴ አርባ ዓመት ሙሉ ባሏን ሳታለቅሰው ኖረች። የሰው ለቅሶ አንድም ቀን አልቀረችም፤ ንፍሮ ቀቅላ፣ እንጀራ ተሸክማ ትሄዳለች። የራሷን ግን ታቅፋው ቀረች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልጅ ሆኜ፣ «ካልሞተ ለምን አይመጣም? ከሞተ ለምን አላለቅስም?» ስትል ሰምቻታለሁ። ለእኔ አልነበረም የተናገረችው፤ ለግድግዳው ነው።

ወሬውን ከሰው ሁሉ ይልቅ ያደመቁት ጋሽ አጥናፉ ኃይለማርያም ናቸው። የእድራችን ዳኛ ናቸው። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ከወንድማቸው ልጅ ሱቅ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ይመረምራሉ። «የእኔ አባት ጫካ ገብቶ ነው የተሰዋው፣ እንደ አንዳንዱ ከጣሊያን ጋር ፎቶ አልተነሣም» ይላሉ፣ በተለይ እናቴ ስታልፍ። ካሣሁን ያመጣው ፎቶም የእሳቸው ነው። ሌላው ሰው ጣሊያን ሲወጣ እንዲህ ያለውን ምስል ሁሉ በፍርሃት አቃጥሎታል፤ እሳቸው ብቻ ከሣጥን ሥር አቆይተውታል።

እኔ ፎቶ አስተካካይ ነኝ። ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ሲወረድ ባለች አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የሙሽራ ብጉር አጠፋለሁ፣ የተጨፈነ ዓይን እከፍታለሁ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ ሊነሣ የመጣ ሰው ክራባት ከሌለው ክራባት እሥልለታለሁ። አገር ምድሩን አሳምሬ የገዛ አባቴን ነውር አንድ ሜትር አሳድጌ ልሰቅል መሆኑን ሳስብ ሳቄም እንባዬም አብሮ መጣ።

ፎቶውን ገልብጬ ጀርባውን ሳየው ማኅተም አለበት። የእኛው ፎቶ ቤት የድሮ ማኅተም፣ ከነቁጥሩ፤ 412 ይላል።

ባለቤቱን ጋሼ ገብረክርስቶስን ጠራኋቸው። ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ ቤቱን «ሙሴ» ከሚሉት ከአርመናዊው አሠሪያቸው የተረከቡ ሰው ናቸው። ሥራ የጀመሩት በ1934 ነው፤ ስለ ፎቶው የሚያውቁት ነገር የለም። ማኅተሙን ግን አወቁት።

«ከወረቀቱ ላይ ካሳደግሽው ጭጋግ ነው የሚሆንብሽ» አሉኝ። «የሙሴ መስታወቶች ጣሪያው ሥር ቆጡ ላይ ናቸው። አንድም አልጣልኩም። 412ን ፈልጊው።»

ያን ጊዜ ፊልም በመስታወት ላይ ነበር የሚነሣው። እውነቱን ልናገር፤ ያንን መስታወት የፈለግሁት ታሪክ ላቃና ብዬ አይደለም። አባቴን ልፍቀው ነው። በምላጭ ጫፍ ፊቱን ቀስ አድርጌ ፍቄ፣ በቦታው ትንሽ ግድግዳ ትንሽ ጥላ ብሠራበት ካሣሁንም ኮሚቴውም አያውቁም። ያሳደግሁት ምስል ሲሰቀል ረጅሙ ሰው የለም። ለሃያ ሁለት ዓመት ለሰው የሠራሁትን ለእናቴ አንድ ጊዜ ብሠራላት ምን አለበት ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ሦስት ቀን ቆጥ ላይ ዋልኩ። አቧራው እያስነጠሰኝ፣ ከሥር ከአትክልት ተራ የሚመጣው የተሸካሚ ጩኸት ጆሮዬን እያደነቆረኝ የሞተውንና ያገባውን፣ የተሾመውንና የተሻረውን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አነሣሁ። በሦስተኛው ቀን 412 ተገኘ። ስንጥቅ እንኳ የለበትም።

ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ቆጠርኩ። መስታወት ላይ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ነው፤ ሰው ግን ሰው ነው። ካሣሁን ባመጣው ወረቀት ላይ የእኛ ሰዎች አሥር ናቸው። መስታወቱ ላይ አሥራ አንድ ሆኑብኝ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ። ወረቀቱን አምጥቼ ጎን ለጎን ሳስተያየው የቀኝ ዳሩ በመቀስ ተቆርጧል። አንድ ሰው ከነሙሉ ቁመቱ ተቆርጦ ወጥቷል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ ጋሼ ገብረክርስቶስ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው። በመስታወቱ ጠርዝ ላይ በቀጭን ብዕር ተጽፏል፤ 19-2-38። «የሙሴ እጅ ነው። ያነሣበትን ቀን ሳይጽፍ አያልፍም ነበር። በፈረንጅ ሠላሳ ስምንት… የእኛ 1930። ግንቦት 1928 ያላችሁ ማን ነው? ጣሊያን ሲገባ አይደለም የተነሣው፤ በገባ በሁለት ዓመቱ ነው። ወሩ ሁለት ማለት ፌብሩዋሪ ነው፣ አሥራ ዘጠኝ…» በጣታቸው ቆጠሩ። «ሰገነት፣ የካቲት አሥራ ሁለት ነው።»

ያ ሁሉ ሰው ያለቀበት ቀን፣ ልክ በዓመቱ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የኮሚቴው ጽሑፍ ውሸት ሆነ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። በሰው ሁሉ ሙት ዓመት ቀን፣ የጎረቤቱ አስከሬን የተጣለበት መንገድ ላይ ቆሞ ከገዳዩ ጋር ፎቶ ይነሣል? ቢቀበላቸው ይሻል ነበር እኮ! ምላጬን አነሣሁ። ያን ሰዓት ለእናቴ ብዬ አልነበረም፤ ለራሴ ስል ልፍቀው ነበር።

እጄን የያዘኝ አንድ ነገር ነው። ከመፋቄ በፊት አንዲት ቅጂ ለራሴ ላስቀር አልኩ። ባንዳም ቢሆን አባት ነው፤ ፊቱን አንድ ቀን እንኳ በደንብ አላየሁትም።

ጨለማው ክፍል ገባሁ። መጀመሪያ ያጠብኩት ልክ እንደ ጋሽ አጥናፉ ወረቀት ሆነ፤ ፊቱ ይታያል፣ ልብሱ ግን ነጭ ኖራ ነው። ይህ ደግሞ የእኔ ሙያ ነው። የሙሽራ ቬሎ ስናጥብ ነጩ ዝም ብሎ ነጭ እንዳይሆን ፊቱን በእጃችን እንከልልና ቬሎው ላይ ብቻ ብርሃኑን እናቆየዋለን፤ ያኔ ዳንቴሉ ሳይቀር ክር በክር ይወጣል። በዚያ በጣሊያን ጊዜ ለአሥራ አንድ አበሻ ሸማ ማን እንዲህ ይደክማል? እኔ ደከምኩ። የአባቴን ፊት በመዳፌ ከልዬ ሸማውን ብርሃን አጠገብኩት። ወረቀቱን ማጠቢያው ውስጥ ነክሬ እያወዛወዝኩ ጠበቅሁ።

ቀስ እያለ ወጣ። መጀመሪያ እጥፋቱ፣ ቀጥሎ ዘርፉ። ከዚያ አንገቱ ሥር አንድ ጥቁር መስመር፣ ሰፊ፣ ከትከሻ እስከ ትከሻ።

ጥለቱ ነው። ጥለቱ ወደ ላይ ነው።

የእኛ አገር ሰው ለደስታ ሲለብስ ጥለቱን ወደ ታች ይጥለዋል፤ ያምርበታል። ዘቅዝቆ፣ ጥለቱን አንገቱ ላይ አድርጎ የሚለብሰው ለለቅሶ ብቻ ነው። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ያልገባው አንድ ሰው ቢኖር ካሜራው ፊት ደረቱን ነፍቶ የቆመው ጣሊያን ነው።

«ጋሼ!» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

ከዚያ የቀሩትን በየተራ እንዲሁ አደረግሁ። ሁለተኛው፣ ወደ ላይ። ሦስተኛው፣ ወደ ላይ። ራሳቸው ላይ የጠመጠሙ አንድ የእስላም ሽማግሌ አሉ፤ እሳቸውም ወደ ላይ። ጋሼ ገብረክርስቶስ በቀዩ መብራት ሥር አንድ በወጣ ቁጥር ያማትባሉ። አሥራ አንደኛው ላይ ደረስን። ከወረቀቱ የተቆረጠው ሰው፣ በመስታወቱ ዳር፣ ጥለቱ ከሁሉም ሰፍቶ፣ ወደ ላይ።

«ተማክረው ነው የወጡት» አሉ ጋሼ ገብረክርስቶስ እንባቸው በጢማቸው እየወረደ። «ጣሊያን ለፎቶ ሲሰበስባቸው ሙት ዓመቱን አወጡለት። በገዛ ካሜራው ፊት!»

እልልታዬን ለቀቅሁት። ውጭ ጉርድ ፎቶግራፍ ሊነሣ የተቀመጠ ወታደር ብድግ ብሎ ወጣ አሉ፤ ይውጣ። አርባ አምስት ዓመት አንገቴን ደፍቼ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ያን ቀን ፒያሳ ቢሰማኝ፣ ጊዮርጊስ ቢሰማኝ ግድ አልነበረኝም። አባቴ ጀግና ነው! ብዬ ጮህኩ፣ በዚያች ጠባብ ክፍል።

ካሣሁንን ያን ዕለት አስጠራሁት። መስታወቱን፣ ቀኑን፣ ያጠብኩትን ሁሉ ዘረጋሁለት። ለረጅም ጊዜ አየ።

«ሰው ተቻኩሎ ዘቅዝቆ ቢለብስስ?» አለ።

«አሥራ አንድ ሰው?»

«ጽሑፉ ጸድቋል እኮ፣ እትዬ ሰገነት። እኔ ብቻዬን…»

«ያጸደቃችሁት ግንቦት 1928ን ነው። ቀኑ ይኸው። ልጆቹን ስታስተምር ማስረጃ ማስረጃ ትል የለም? በል እንካ።»

እንግዲህ ሰውን በደግ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ካሣሁን የዚያን ቀን ሰው ሆነ። «ያለ ጽሑፍ ይሰቀል» አለኝ። «ሽማግሌዎቹ አይተው ይፍረዱ። ለኮሚቴው እኔ መልስ እሰጣለሁ።» በዚያ ዘመን ለኮሚቴ መልስ እሰጣለሁ ማለት ቀላል ነገር አልነበረም።

እናቴን ወደ አዳራሹ ማምጣት ነው የከበደኝ። «ምን ልታዘብ?» ብላ አሻፈረኝ አለች። ነገሩን ልነግራት ፈለግሁና ተውኩት፤ በዓይኗ እንድታየው ፈለግሁ። በመጨረሻ ጎረቤታችን መይሙና ክንዷን ይዛ «እትዬ የሺዓለም፣ ከእኔ ጋር ነዎት፤ ማን ምን ይልዎታል?» ብላ አወጣቻት።

መጋቢት 28 አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞልቷል። መፈክሩ ተባለ፣ ንግግሩ ተነበበ። ቀጥሎ ካሣሁን ጨርቁን ገለጠው። አሥራ አንድ ሰው፣ አንድ ሜትር በሰባ። ከሥሩ ምንም አልተጻፈም።

መጀመሪያ ማጉረምረም ተሰማ። «ባንዶቹ» ያለም ነበር። እናቴ የመይሙናን ክንድ ለቃ ወደፊት ሄደች። ዓይኗ ስለደከመ አፍንጫዋ ወረቀቱን እስኪነካ ተጠጋች። ጣቷን የአባቴ ፊት ላይ አላሳረፈችም፤ አንገቱ ሥር ነው ያሳረፈችው፤ ጥለቱን ከዳር እስከ ዳር ተከተለችው። ከእሱ ወደሚቀጥለው፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው።

«ለቅሶ ላይ ናቸው» አለች ዞራ። «እናንተ ሰዎች፣ ዓይን የላችሁም? ለቅሶ ላይ ናቸው!»

ካሣሁን ቀኑን ተናገረ፤ የካቲት 12፣ 1930። ከኋላ አንዲት ባልቴት «ወይኔ!» ብላ ራሷን ያዘች። «በካሚዮን የጫኗቸው በዚያው ሳምንት ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሊሾሟቸው መስሎን ረገምናቸው! አንዱ ከዳተኛ የልብሱን ነገር ሹክ ብሏቸው ኖሯል። ሊገድሏቸው ነበር የወሰዷቸው!»

ከዚያ ጋሽ አጥናፉ ተነሡ። ኮታቸው ላይ ሜዳሊያ የለም፣ ግን ሁልጊዜ ያለ ይመስል ደረታቸውን ቀና አድርገው ነው የሚሄዱት። ያን ቀን ጎብጠው ሄዱ። አባቴን አልፈው፣ ሌሎቹን አልፈው እዳር ካለው አሥራ አንደኛው ሰው ፊት ቆሙ። እኔ የመቀሱን ነገር የገባኝ ገና ያኔ ነው።

«አባቴ ነው» አሉ። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆነ። «ኃይለማርያም ነው። እኔ ያኔ ሰላሌ ነበርኩ። ስመለስ ይህን ፎቶ አገኘሁ። አባትህ ባንዳ ነው እንዳልባል ቆርጬ አቃጠልኩት። የቀሩትን… የቀሩትን እያሳየሁ ኖርኩ።» ወደ እናቴ ዞሩና ተንበረከኩ። «እትዬ የሺዓለም፣ በድዬዎታለሁ። አባቴንም በድያለሁ። ጀግና አባት ነበረኝ፤ በእጄ አቃጠልኩት!»

እናቴ ትሰድባቸዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እኔ ብሆን አላልፋቸውም ነበር። እሷ ግን ትከሻቸውን ይዛ ልታነሣቸው ሞከረች፣ አቅም አጣች፣ አብራቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«አጥናፉ» አለች «አንተ የእድሩ ዳኛ አይደለህም? ሰው ሞቷል እኮ። የምታደርገውን አታውቅም?»

በማግስቱ ጠዋት ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ገና ሳይነጋጋ ጥሩምባ ተነፋ። እድርተኛ ሲሞት የሚነፋው ጥሩምባ ነው። ከአልጋዬ ዘልዬ ወረድኩ። ጥሩምባ ነፊው መድኃኔ ከጊዮርጊስ በኩል እየመጣ ነው፤ ጋሽ አጥናፉ በዱላቸው እየተደገፉ ከጎኑ ይሄዳሉ፤ ስም ዝርዝሩ በእጃቸው ነው።

«የእድር ሰዎች!» ይላል መድኃኔ። «አቶ ኃይለማርያም ከአርባ አራት ዓመት በፊት በጠላት እጅ አርፈዋል! ለቅሶው ዛሬ ነው! እንዳትቀሩ!» ጥሩምባው እንደገና ተነፋና ሌላ ስም፣ ሌላ ስም። በየቤቱ በር ሲከፈት ይሰማኛል፤ ሰው እየወጣ፣ እየተጠራራ፣ እያለቀሰ መንገዱን ሞላው። እኛ ደጃፍ ሲደርስ ድንኳን የተሸከሙ ወንዶች ከኋላው ይከተሉታል።

«የእድር ሰዎች! አቶ ወልደጊዮርጊስ አብርሃ፣ የወይዘሮ የሺዓለም ባለቤት፣ ለአገራቸው ሞተዋል!»

እናቴ ለብሳ ተዘጋጅታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጆሮዋ ደህና ነው፤ ከዓይኗ በቀር ምንም አልጎደላትም።

«አልሰማሁህም» አለችው ጮክ ብላ፣ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ። «ድገመው!»

መድኃኔ ጋሽ አጥናፉን አየ። ጋሽ አጥናፉ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጥሩምባው ተነፋ፣ የአባቴም ስም ተደገመ፤ ያን ጊዜ እናቴ አፏን ከፍታ አለቀሰች።